ጨዋታን በሕጉ መመዘን

ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ በየቤቱና በየሰፈሩ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ከሁለት ወገን የሚመጣ ነው። በአንድ በኩል ወላጆችና መምህራን ጨዋታውን ሁሉ በጅምላ የጊዜ ሌባ አድርገው ሲፈርጁት፣ በሌላ በኩል ተጫዋቾቹ ራሳቸው አንድን ጨዋታ ግሩም ነው ሲሉ ብዙውን ጊዜ ሥዕሉ ጥራት አለው፣ ፊልም ይመስላል፣ ወይም ገና አሁን የወጣ ነው ማለታቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ የሚያዩት ልጁ ስክሪኑ ላይ ያፈጠጠበትን ሰዓት ብቻ፣ ሁለተኛዎቹ የሚያወድሱትም የጨዋታውን ውጫዊ መልክ ስለሆነ፣ ሁለቱም ወገኖች ጨዋታውን ራሱን ሳይመዝኑት ያልፋሉ። እንዲህ ያለው ፍርድ ጉዳት አለው፤ ክፉውን ጨዋታ ከደጉ ለይቶ የማያውቅ ወላጅ ሁለቱንም ይከለክላል፤ ለይቶ የማያውቅ ተጫዋችም ዕድሜውን ለሁለቱም እኩል ያካፍላል።

ጨዋታ ከልብ ወለድም ሆነ ከፊልም የሚለየው በሕጉ ነው። ሕግ ሲባል ለተጫዋቹ የሚፈቀድለትን፣ የሚከለከልበትን፣ የሚያሸልመውንና የሚያስቀጣውን ነገር የሚወስነው ሥርዓት ሲሆን፣ ሥዕሉ፣ ድምፁና ታሪኩ በዚህ ሥርዓት ላይ የሚደረቡ ናቸው። ልብ ወለድ ስለ ስስት ሊተርክ ይችላል፤ ጨዋታ ግን ተጫዋቹ በገዛ እጁ እንዲሰስት ያደርገውና ስስቱ ያመጣበትን መዘዝ እዚያው ያስከፍለዋል። ስለዚህ አንድን ጨዋታ በሐቀኝነት ለመመዘን የሚፈልግ ሰው ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይበቃዋል፦ ጨዋታው ተጫዋቹን ደጋግሞ ምን ያሠራዋል? የሚሸልመው ለየትኛው ሥራ ነው? በምላሹስ ምን ይወስድበታል? ቀጥሎ የሚነሱት ጨዋታዎች ዘውጋቸው የተለያየ ሲሆን፣ ምስጋናውም ሆነ ወቀሳው የሚመነጨው ከእነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ነው።

ከእንቆቅልሽ ጨዋታዎች ለመጀመር፣ እስካሁን ከተሠሩት ሁሉ ቴትሪስን የሚስተካከል ማግኘት ያስቸግራል። ጨዋታውን በ1984 እ.ኤ.አ. የፈጠረው አሌክሴይ ፓጂትኖቭ ሞስኮ በሚገኘው የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል ይሠራ የነበረ ባለሙያ ሲሆን፣ ይሠራበት የነበረው ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለ ኮምፒውተር ሥዕል ማሳየት ስለማይችል ቅርጾቹን የሠራቸው በቅንፍ ምልክቶች ነበር። እያንዳንዳቸው ከአራት እኩል ካሬዎች የተገጣጠሙ ሰባት ዓይነት ቅርጾች አንድ በአንድ ከላይ ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹ እያዞረ ይደረድራቸዋል፤ ያለ ክፍተት የሞላ ረድፍ ይጠፋል፤ ሳይሞላ የቀረው እየተቆለለ ጣሪያውን ሲነካ ጨዋታው ያበቃል። ከዚህ በላይ የሚጨመር ሕግ ባለመኖሩ ማንበብ የማይችል ሕፃንም ሆነ ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባዋል።

የሕጉ ብልሃት ግን ጎልቶ የሚታየው በነጥብ አሰጣጡ ላይ ነው። ኒንቴንዶ በ1989 እ.ኤ.አ. ጌም ቦይ በተባለው በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ባወጣው ቴትሪስ፣ በመነሻው ደረጃ አንድ ረድፍ ያጠፋ ተጫዋች 40 ነጥብ ሲያገኝ፣ አራት ረድፍ በአንድ ጊዜ ያጠፋ ግን 1200 ያገኛል። እነዚያኑ አራት ረድፎች አንድ በአንድ ያጠፋቸው ሰው የሚሰበስበው 160 ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ሰባት እጥፍ ተኩል ነው። አራቱን በአንድ ጊዜ ማጥፋት የሚቻለው ደግሞ በቀጥታው ረጅም ቅርጽ ብቻ በመሆኑ፣ ተጫዋቹ በዳር በኩል አንድ ጠባብ ጉድጓድ ክፍት ትቶ የቀረውን እየደለደለ ያንን ቅርጽ ይጠብቃል፤ በጠበቀ ቁጥር ቁልሉ ወደ ጣሪያው ይቀርባል፤ የሚጠበቀው ቅርጽም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ሰው ምን ያህል መጠበቅ፣ መቼስ ባገኘው ረክቶ ጉድጓዱን መዝጋት እንዳለበት በየግማሽ ደቂቃው ራሱን ይጠይቃል፤ መልሱም የእርሱ የራሱ ስለሆነ ሲሸነፍ የሚወቅሰው ሌላ ወገን የለውም። ቴትሪስ ስለ ዓለም የሚናገረው ነገር የለም፤ ይህ ድንበሩ ነው። በድንበሩ ውስጥ ግን አንዳች የሚጎድለው ነገር የለም።

ቴትሪስ ከሚያስተምረው ትዕግሥት ጎን ካንዲ ክራሽ የሚሸጠውን ትዕግሥት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ኪንግ የተባለው ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ጨዋታ ሦስትና ከዚያ በላይ ተመሳሳይ ከረሜላዎችን በማሰለፍ የሚያጠፉበት ሲሆን፣ ተጫዋቹ አምስት ሕይወት ይሰጠዋል፤ በተሸነፈ ቁጥር አንዷ ትቀነስበታለች፤ የተቀነሰችውም የምትመለሰው ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው። አምስቱም ያለቁበት ሰው ወይ ይጠብቃል፣ ወይ ወዳጆቹን ይለምናል፣ ወይ ይከፍላል። መጠበቅ በቴትሪስ የችሎታ አካል ነበር፤ በካንዲ ክራሽ ግን ቅጣት ሆኖ ከቅጣቱ የሚያስጥለው ገንዘብ ነው። ጨዋታው ከሥራ ሲመለሱ በታክሲ ወረፋ ላይ የደከመ አእምሮ ማሳረፉ አይካድም፤ ቀለሙም ደስ ይላል። ይሁንና ሰው ለጥቂት ነገር ሲቸኩል ጠብቆ ለችኮላው ዋጋ የሚተምን ሕግ ምንም ያህል ቢያምር ሊመሰገን አይገባውም።

ሁለተኛው ዘውግ የስትራቴጂ ጨዋታ ሲሆን፣ ሠራዊት፣ ሀብትና ግዛት አርቆ በማሰብ የሚመሩበት ነው። ይህም በሁለት ይከፈላል፤ በአንደኛው ተጫዋቾች ተራ በተራ ሲንቀሳቀሱ፣ በሌላው ያለ ተራ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ። ክፍፍሉ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ የሚመስለው ሰው ካለ የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ያስታውስ። በቀድሞው የሰንጠረዥ ጨዋታ ወረራ የሚባል የመክፈቻ ምዕራፍ ነበረ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ በቻሉት ፍጥነት ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱም የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለዋውጣል፤ አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ግን ሁሉም ነገር ተራ በተራ ይሆናል። ከጦርነት በፊት ያለውን የሽሚያና የመጠባበቅ ጊዜ ከጦርነቱ ከራሱ ለይቶ በሁለት የተለያየ ሕግ መግለጽ ከፍተኛ የጨዋታ ፈጠራ ሲሆን፣ የዛሬዎቹ ጨዋታዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን መርጠው ሌላውን ይተዋሉ።

ተራ በተራ ከሚካሄዱት መካከል ስመ ጥሩው ሲቪላይዜሽን ነው። ሲድ ማየር በ1991 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው ይህ ጨዋታ ተጫዋቹን ከክርስቶስ ልደት በፊት 4000 ዓመት ላይ ጥቂት ሰፋሪዎች አስይዞ ያስነሣውና ሕዝቡን እስከ ጠፈር ዘመን እንዲመራ ያደርገዋል። ኢትዮጵያ በአራተኛው ዕትም ማስፋፊያ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው የአምስተኛው ዕትም ማስፋፊያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በስድስተኛው ዕትም ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ምኒልክ እየተመራች ገብታለች። የኋለኞቹ ሁለት ነገሥታት ከስክሪኑ በአማርኛ ሲናገሩ መስማት ለኢትዮጵያዊ ተጫዋች የሚሰጠው ደስታ ትልቅ ነው፤ በተለይ ልጆቹ በሌላ ቋንቋ በሚያድጉበት አገር ለሚኖር ቤተሰብ የበለጠ ይሆናል። ነገር ግን ኩራት ፍርድን መተካት የለበትም።

በአምስተኛው ዕትም ለኢትዮጵያ የተሰጠው ልዩ ችሎታ የአድዋ መንፈስ ተብሎ ሲጠራ፣ ከእርሷ የበለጡ ከተሞች ካሉት መንግሥት ጋር ስትዋጋ ለሠራዊቷ 20 በመቶ የውጊያ ብልጫ ያስገኝላታል። ሕጉ አንድ እውነት ይዟል፤ ትንሽ የተባለ መንግሥት ትልቅ ነኝ ባይን አሸንፏል። የድሉን ምክንያት ግን አልያዘም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው የጣሊያን ጦር አስካሪ የተባሉትን የቅኝ ግዛት ወታደሮቹን ጨምሮ 17,700 ገደማ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት እስከ 100,000 ይደርስ እንደነበር ይገመታል። ይህን ያህል ሰው በአንድ ክተት ከየአውራጃው ማንቀሳቀስ፣ ስንቅ እያስያዙ ለወራት መጓዝ፣ በመቀሌው ምሽግ ላይ እንደታየው በእቴጌ ጣይቱ ምክር የጠላትን የውኃ ምንጭ መያዝ፣ የተለያዩ መኳንንትን በአንድ ዓላማ ማሰለፍ፣ የድሉ ሥሮች እነዚህ ነበሩ። ድሉን ለመንፈስ ብቻ የሚሰጥ ሕግ የሚያሞግስ ቢመስልም፣ ድሉን ያመጣውን አስተዳደር፣ ዕቅድና ድካም ከታሪክ ያወጣዋል። በስድስተኛው ዕትም የምኒልክ ጦር በኮረብታ ላይ ሲዋጋ ተጨማሪ ኃይል ማግኘቱ ቢያንስ የመልክዐ ምድሩን ሚና ስለሚያስታውስ ለእውነቱ የቀረበ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው የሲቪላይዜሽን ጉድለት ግን የሰው ልጅ ታሪክ ሁሉ አንድ መሰላል መሆኑን የሚሰብከው ሕጉ ነው። እያንዳንዱ ሕዝብ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ከሸክላ ሥራ ወደ ጽሕፈት፣ ከጽሕፈት ወደ ባሩድ ይወጣል፤ ከተማ ያልመሠረተው ደግሞ ስም እንኳ ሳይሰጠው ሊጠፋ የተገባው ወራሪ ሆኖ ይቀርባል። ተጫዋቹ ይህን በክርክር ሳይሆን በልምምድ ስለሚቀበለው አሳሳችነቱ ከመጽሐፍ ይብሳል። ሲቪላይዜሽን ሰውን እስከ ማለዳ ድረስ የሚያነቃ፣ ዕቅድንና መዘዝን የሚያስተሳስር ታላቅ ጨዋታ ነው፤ ታሪክን የሚማሩበት መጽሐፍ ግን ሊሆን አይችልም።

ያለ ተራ ከሚካሄዱት ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም የሚጫወቱት ብዙዎች ናቸው። ተጫዋቹ ምግብ፣ እንጨት፣ ወርቅና ድንጋይ እያስሰበሰበ መንደር ያቆማል፣ ሠራዊት ያሠለጥናል። ኢትዮጵያውያን በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የአፍሪካ ማስፋፊያ ሲጨመሩ ቀስተኞቻቸው ከሌላው በ18 በመቶ ፈጥነው እንዲወረውሩ፣ ሾተል የታጠቁት ልዩ ተዋጊዎቻቸውም ቶሎ የሚሠለጥኑ፣ ክንዳቸው የበረታ፣ ጥሩራቸው ግን የሳሳ ሆነው ተሠርተዋል። ይህ ሕግ ባሕርይ አለው፤ ኢትዮጵያን የመረጠ ሰው ተከላክሎ መቆየት ስለማያዋጣው ፈጥኖ መወሰንን ይማራል። በዚሁ ማስፋፊያ ያለው የዘመቻ ታሪክ ተጫዋቹን በዮዲት ወገን ማሰለፉ ደግሞ በአገር ቤት ትውፊት አጥፊ ተብላ ብቻ የምትታወሰውን ሴት ከሌላ ጎን እንዲያያት ስለሚያስገድደው፣ ባይስማማበት እንኳ የሚያስመሰግን ድፍረት ነው።

ስፖርት ሦስተኛው ዘውግ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ከተሞች ከየትኛውም ዘውግ ይልቅ ሥር የሰደደው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፊፋ ስም ይወጣ የነበረውና በ2023 እ.ኤ.አ. ስሙን ወደ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የለወጠው ጨዋታ በየሰፈሩ ባሉት የፕሌይ ስቴሽን ቤቶች የወጣቶች መገናኛ ሆኖ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ቤት ሁለት ሰዎች አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጆይስቲክ ሲይዙ ጨዋታው ከስክሪኑ ይሰፋል፤ አንዱ የሌላውን ጣት ድምፅ ይሰማል፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ የባላጋራውን ዓይን ይሰልላል፣ ከኋላ የቆመው ተመልካች ደግሞ ለሁለቱም ምክር ይሰጣል። የተሸነፈው ከፍሎ ይነሣል፤ የሚቀጥለው ይቀመጣል። በዚህ መልኩ ሲጫወቱት ሕጉ ግልጽ ነው፤ የተሻለው ያሸንፋል፤ ያሸነፈውም በዓይን እየታየ ነው። የፕሌይ ስቴሽን ቤትን በደፈናው የሚያወግዝ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ ያለውን የወዳጅነትና የፉክክር ሥርዓት አላየውም።

ይኸው ጨዋታ ግን በጉያው ሌላ ጨዋታ ይዟል። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው አልቲሜት ቲም የተባለው ክፍል ተጫዋቹ የራሱን ቡድን በካርድ መልክ በሚመጡ እግር ኳስ ተጫዋቾች እንዲገነባ ሲያደርገው፣ ካርዶቹ ታሽገው ስለሚቀርቡ ከእሽጉ ውስጥ ማን እንደሚወጣ አስቀድሞ አይታወቅም። እሽጉን በጨዋታ ብዛት በሚጠራቀም ገንዘብ ማግኘት ይቻላል፤ በእውነተኛ ገንዘብም ይሸጣል። ይህ ለሕፃናት የተከፈተ ቶምቦላ ነው። የቤልጅየም የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ይህን መሰሉን የታሸገ ዕጣ ሽያጭ ከቁማር ስለቆጠረው፣ ኩባንያው በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በዚያ አገር በገንዘብ መሸጡን አቁሟል። በአግዳሚው ላይ ያሸነፈው ጣቱ የሠለጠነ ሰው ነበር፤ እዚህ ግን ኪሱ የሞላ ወይም ዕድሉ የቀና ሰው ይቀድማል። አንድ ዲስክ ላይ ከሁሉም የተሻለውና ከሁሉም የከፋው ሕግ አብረው መኖራቸው ጨዋታን በስሙ መፍረድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ያሳያል።

ብዙዎች የሚያደንቁት አራተኛው ዘውግ ታሪክ ነጋሪው የጀብዱ ጨዋታ ነው። ለዚህ ዘውግ ዘወትር በምሳሌነት የሚጠቀሰው በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ዘ ላስት ኦፍ አስ ሲሆን፣ ወረርሽኝ ባጠፋው ዓለም ውስጥ ልጁን የቀበረ ሰው አንዲት ታዳጊ ይዞ አሜሪካን አቋርጦ ሲጓዝ ያሳያል። ገጸ ባሕርያቱ ሕያው ናቸው፤ ንግግራቸውም አንጀት ይበላል። በሐቀኝነት ሲታይ ግን የዚህ ታላቅነት አብዛኛው የፊልም ታላቅነት ነው። ታሪኩ በቆመበት ሁሉ ተጫዋቹ የሚሠራው ተደብቆ መሄድ፣ መተኮስና ዕቃ መልቀም ስለሆነ፣ ሥራው ከመቶ ሌሎች ጨዋታዎች አይለይም፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ሲቀርብም ጨዋታውን በእጃቸው ያልነኩት ተመልካቾች ጉዳዩን ሳይጎድልባቸው ተረድተውታል። ሕጉ ራሱ የሚናገርበት አንድ ታላቅ ቅጽበት ግን አለው። በመጨረሻው ምዕራፍ በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ተጫዋቹ ትክክል ነው ብሎ የማያምንበትን ግድያ ራሱ ካልፈጸመው ታሪኩ አይቀጥልም፤ አንድ አባት በፍቅሩ ምክንያት የሚሠራውን ጥፋት ቆሞ መመልከት አይፈቀድለትም። ጨዋታው ይህን ቅጽበት ቢያበዛው ኖሮ ሙገሳው ሁሉ ይገባው ነበር።

በተቃራኒው በ2011 እ.ኤ.አ. በሂዴታካ ሚያዛኪ መሪነት የተሠራው ዳርክ ሶልስ ታሪኩን በጉንጭ አልፋ ንግግር አይተርክም፤ የሚናገረው በሕጉ ነው። ተጫዋቹ ጠላት በገደለ ቁጥር የሚሰበስበው ሀብት ሲሞት በሞተበት ቦታ ይቀራል፤ ተመልሶ የማንሣት አንድ ዕድል አለው፤ በመንገድ ላይ ዳግመኛ ከሞተ ግን ያ ሁሉ ለዘለዓለም ይጠፋል። ዕረፍት የሚያገኘው በእሳት ምድጃ አጠገብ ሲሆን፣ ባረፈ ቁጥር የገደላቸው ጠላቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይነሣሉ። ይህ ሕግ ጨካኝ ቢመስልም ፍርደ ገምድል አይደለም፤ እያንዳንዱ ጠላት ምቱን አስቀድሞ በእንቅስቃሴው ስለሚያስታውቅ፣ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ያልተመለከተ ወይም የተጣደፈ ሰው ነው። ስለዚህ ዳርክ ሶልስ ተጫዋቹን ያከብረዋል፤ ትማራለህ ብሎ ያምነዋል። አንድ ነገር ግን ሳይሸፋፈን መነገር አለበት፤ የሚወስደው ሰዓት እጅግ ብዙ ነው፤ ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው አንዱን ግዙፍ ጠላት ለመጣል ሙሉ ሳምንት ቢያቃጥል ያተረፈው ብቃት ከዚያው ጨዋታ ውጭ የሚያገለግለው ጥቂት ነው። ጽናትን ያስተምራል የሚለው ውዳሴ እውነትነት ቢኖረውም ሲበዛ የጨዋታ ነጋዴ ማስታወቂያ ይሆናል።

ጦርነትን የሚመለከቱ ሁለት ጨዋታዎች ጎን ለጎን ሲታዩ የሕግ ኃይል ይበልጥ ይገለጣል። የመጀመሪያው በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣውና ከዓመት በኋላ በስልክ የተሰራጨው ፐብጂ ሲሆን፣ 100 ተጫዋቾች በጃንጥላ ወደ አንድ ሰፊ ምድር ወርደው መሣሪያ እየፈለጉ አንድ ሰው ብቻ እስኪቀር ይገዳደላሉ። ምድሩን የከበበው ክብ በየጊዜው እየጠበበ ስለሚሄድ የሚደበቅም የሚሸሽም ሰው በግድ ወደ መሀል ይነዳል። ለፍርሃትና ለንቃት የተሠራ እጅግ የተሳካ ሕግ ነው፤ ከጓደኞች ጋር በቡድን ሲጫወቱትም መተባበርን ይጠይቃል። ሆኖም የሞተው ሰው በሰከንዶች ውስጥ ሌላ ጨዋታ ስለሚጀምር ሞት ክብደት የለውም፤ ሲቪል የሚባል ሰውም በዚያ ምድር ላይ አልተፈጠረም።

ሁለተኛው በዋርሶ በሚገኝ ኢለቨን ቢት በተባለ ስቱዲዮ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ዚስ ዋር ኦፍ ማይን ሲሆን፣ ከ1992 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. በሳራዬቮ ላይ ከደረሰው ከበባ መነሻ ወስዷል። ተጫዋቹ ወታደር ሳይሆን በተከበበች ከተማ ውስጥ በፈረሰ ቤት የተጠለሉ ጥቂት ሲቪሎችን ያስተዳድራል፤ ቀን ምድጃና አልጋ ይሠራል፣ ሌሊት አንዱን ሰው ምግብና መድኃኒት ፍለጋ ይልካል። ሊዘረፉ ከሚችሉት ቤቶች በአንዱ ውስጥ ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ይኖራሉ፤ መከላከል አይችሉም፤ መድኃኒታቸውንና ምግባቸውን የሚወስድባቸውን ሰው ከመለመን በቀር። መዝረፉ ቀላል ነው፤ የተራበውም ቤተሰብ በልቶ ያድራል። በማግሥቱ ግን ዘራፊው ገጸ ባሕርይ ሐዘን ይይዘዋል፤ ጓደኞቹም ያዝናሉ፤ ሐዘኑ ከጠና ሥራ መሥራት እስከማቃት ይደርሳል። ሕጉ ሕሊናን እንደ ረሃብ ሁሉ የሚቆጠር ነገር አድርጎታል። የፖላንድ መንግሥት ይህን ጨዋታ በ2020 እ.ኤ.አ. ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በምርጫ ከሚቀርቡት ንባቦች ጋር እንዲካተት ማድረጉ የተገባ ውሳኔ ነው። ጦርነትን በዜና ሳይሆን በቤቱ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁለቱ ጨዋታዎች የትኛው እውነቱን እንደሚናገር ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሁሉም በላይ ሊመሰገን የሚገባው ግን ሥዕሉ እጅግ ቀላል የሆነው ነው። ሉካስ ፖፕ ሠርቶ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፔፐርስ ፕሊዝ ተጫዋቹን አርስቶትስካ በተባለች ምናባዊ አምባገነን አገር ድንበር ላይ፣ በ1982 እ.ኤ.አ.፣ ፓስፖርት መርማሪ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከፊቱ ጠባብ ጠረጴዛ አለ፤ በጠረጴዛው ላይ ፓስፖርት፣ የመግቢያ ፈቃድና የደንብ መጽሐፍ ይዘረጋሉ፤ በእጁ ያሉት መሣሪያዎች አረንጓዴና ቀይ ማኅተሞች ናቸው። ሥራው ፎቶግራፉን ከፊት፣ የትውልድ ቀንን ከትውልድ ቀን፣ የከተማ ስምን ከዝርዝሩ ጋር ማስተያየት ነው። ክፍያው በሰው ቁጥር ስለሆነ መፍጠን አለበት፤ ስሕተት ሲፈጽም የወቀሳ ወረቀት ይደርሰዋል፤ በአንድ ቀን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሕተቶች በማስጠንቀቂያ ታልፈው ከሦስተኛው ጀምሮ ደመወዙ ይቆረጣል። ማታ ለቤት ኪራይ፣ ለምግብና ለማሞቂያ የሚበቃው ካልሆነ ቤተሰቡ ይራባል፣ ይበርደዋል፣ ይታመማል።

አንድ ቀን ሰነዱ የተሟላለት ሰው ቀርቦ ያልፍና ከኋላው ለምትመጣው ሚስቱ እንዲያዝንላት መርማሪውን ይማጸነዋል። ሚስቲቱ ስትቀርብ የመግቢያ ፈቃድ የላትም፤ ብትመለስ እንደሚገድሏት ትናገራለች። ጨዋታው በዚህ ጊዜ ሙዚቃ አያሰማም፤ ትክክለኛውን ምርጫ የሚያመለክት ምልክትም አያሳይም፤ ወረፋው ብቻ ይጠብቃል። ተጫዋቹ የዚያን ቀን ሁለት ስሕተት ፈጽሞ ከሆነ ምሕረቱ ከልጁ ማሞቂያ ይቀነሳል፤ ካልፈጸመ ደግሞ ምሕረት በነፃ ይቻለዋል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኛ የሆነ ሰው ለደግነት የሚተርፍ ነገር ይኖረዋል። ቢሮክራሲ ሰውን እንዴት ወደ ጨካኝነት እንደሚገፋ፣ ደግነትም በድህነት ውስጥ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በዚህ ግልጽነት የሚያሳይ ድርሰት በየትኛውም የጥበብ ዓይነት ማግኘት ቀላል አይደለም። በኤምባሲ በር ላይ ሰነዱን ታቅፎ ወረፋ የጠበቀ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ይቀመጣል፤ ማኅተሙን የያዘው ሰው ምን ዓይነት ሥርዓት እንደያዘውም በእጁ ይዳስሳል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር ዘውግ ጨዋታን አያጸድቅም፣ አይኮንንምም የሚል ነው። የጦርነት ጨዋታ ሰብአዊ ሊሆን ይችላል፤ የከረሜላ ጨዋታ ጨካኝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወላጅ ልጁ ስንት ሰዓት እንደተጫወተ ብቻ ከሚቆጥር ይልቅ አጠገቡ ተቀምጦ ጨዋታው ምን እንደሚያሠራው፣ ለምን እንደሚሸልመው፣ ምን እንደሚያስከፍለው ቢመለከት ለመከልከልም ለመፍቀድም ምክንያት ያገኛል፤ ልጁም ምክንያት ያለውን ክልከላ ለመቀበል ይቀለዋል። የአማርኛ ጋዜጦችና መጽሔቶችም መጽሐፍና ፊልም እንደሚገመግሙ ሁሉ ጨዋታን በሕጉ የሚመዝን ቋሚ ሂስ ቢጀምሩ ትልቅ ክፍተት ይሞላሉ።

ይህ ሚዛን በተለይ ለኢትዮጵያ ጨዋታ ሠሪዎች ያገለግላል። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ በተባለው የስልክ ጨዋታው አንዲት ዶሮ በአገር ቤት መንገድና ገበያ ውስጥ ስትሮጥ ማሳየቱ የሚያስደስት ጅማሬ ነው፤ መልኩም ቀለሙም የእኛ ነው። የሚቀጥለው እርምጃ ግን ሕጉም ከዚሁ ምድር እንዲበቅል ማድረግ ነው፤ ሌሎች በፈጠሩት የሩጫ ወይም የተኩስ ሕግ ላይ ጎጆና ጥለት መሳል ብቻውን አያደርስም። የሰንጠረዥ ወረራ ለስትራቴጂ ጨዋታ ያልተነካ ሐሳብ ነው፤ የገበጣ ቆጠራ ለእንቆቅልሽ ይሆናል፤ ዕቁብ፣ ዕድርና ሽምግልና እያንዳንዳቸው የመስጠት፣ የመጠበቅና የመተማመን ሕግ ስላላቸው ሙሉ ጨዋታ ይወጣቸዋል። የአድዋን ክተት በመቶኛ ሳይሆን በስንቅ፣ በመንገድ፣ በመኳንንት ስምምነትና በውኃ ምንጭ የሚያጫውት ሰው ከተገኘ፣ ያ ጨዋታ ለኢትዮጵያዊ ልጅ ካለፈው ታሪክ፣ ለሌላውም ዓለም ካልታወቀው አሠራር የሚጨምርለት ነገር ይኖረዋል።